የጎረቤት አገሮችን የነፍስ ወከፍ የኃይል ፍጆታ በምን እናነጻጽር?

ጥያቄ፦
ለጂኦግራፊ ተማሪዎቼ የኖርዌይንና የዴንማርክን የነፍስ ወከፍ የኃይል ፍጆታ ጎን ለጎን የሚያሳይ ሰንጠረዥ እያዘጋጀሁ ነው። አንዱ መረጃ በነዳጅ ዘይት አቻ ቶን (አንድ ቶን ድፍድፍ ነዳጅ ሲቃጠል በሚሰጠው ኃይል)፣ ሌላው በኪሎዋት ሰዓት ተሰልቷል። ከዚህም በላይ በኖርዌይ አንድ ሰው በዓመት ከ20,000 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው የዴንማርኩ ድርሻ ከግማሹም በታች ነው። የኑሮ ደረጃቸው ይህን ያህል ሳይራራቅ ልዩነቱ ከምን መጣ?

መልስ፦
መምህር፣ መለኪያውን ማስማማት ቀላል ነው፤ አንድ የነዳጅ ዘይት አቻ ቶን 11,630 ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ ማባዛት ይበቃል። ልዩነቱን ያሰፋው ግን ኤሌክትሪክን ብቻ ነጥለው ማየትዎ ነው። ኖርዌይ አብዛኛውን ኤሌክትሪክ ከውሃ ኃይል ታመነጫለች፤ በዚያው ቤቶቿን ታሞቃለች፣ ብዙ ኃይል የሚፈጁ የአሉሚኒየም ማቅለጫዎቿንም ታንቀሳቅሳለች። በዴንማርክ ከግማሽ የሚበልጡት ቤቶች የሚሞቁት ከማዕከል በቧንቧ በሚሰራጭ ሙቅ ውሃ ስለሆነ ያ ሙቀት በኤሌክትሪክ መዝገብ ውስጥ አይታይም። ስለዚህ ሙቀትንና የተሽከርካሪ ነዳጅን ጨምሮ ተጠቃሚው ዘንድ የደረሰውን ጠቅላላ ኃይል ያነጻጽሩ።

ሌላ መልስ፦
በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ተጠቃሚው ዘንድ ከደረሰው ኃይል ይልቅ ከምንጩ የተወሰደው ከተቆጠረ፣ የአቆጣጠር ስልቱ ራሱ ደረጃውን ሊያዛባ ይችላል። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ የኒውክሌር ኤሌክትሪክን ሲመዘግብ ማመንጫው ከሙቀቱ 33 በመቶውን ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ እንደሚለውጥ ስለሚወስድ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት እንደ ሦስት ይቆጠራል፤ የውሃ ኃይል ግን አንዱ እንደ አንድ ነው። ፈረንሳይን የመሰለ ኒውክሌር ላይ የተመሠረተ አገር በዚህ ስሌት ከፍ ብሎ የሚታየው በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሉክሰምበርግንና ቤልጅየምንስ ብጨምር?

መልስ፦
ሉክሰምበርግን ያለ ማብራሪያ ባያስገቡ እመርጣለሁ። ነዳጅ የሚመዘገበው በተሸጠበት አገር ነው፤ ዋጋው ደግሞ እዚያ ለረጅም ጊዜ ከጎረቤቶቹ ርካሽ ስለነበር አላፊ የጭነት መኪናዎችና ከፈረንሳይ፣ ከቤልጅየምና ከጀርመን ለሥራ የሚመላለሱ ከ200,000 የሚበልጡ ሰዎች ይቀዱበታል። ድምሩ የሚካፈለው ግን ለአገሩ ነዋሪዎች ብቻ ነው። የግድ ከፈለጉት የመንገድ ትራንስፖርት ነዳጅን በተለየ ዓምድ ያስፍሩት።