ከደሴ ወጥቶ በቀን ለመመለስ፣ ልጆችንና እናትን ይዞ የት ይሻላል?

አዲሷ የደሴ ነዋሪ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በሥራ ተዛውሬ ወደ ደሴ ከመጣሁ ስምንት ወር ሞልቶኛል፤ ሆኖም ከቧንቧ ውኃ እስከ ፒያሳ ካለው መንገድ በቀር ይህ ነው የምለው ያየሁት ቦታ የለም። ክረምቱ ልጆቼን ቤት ውስጥ አስሮ አክርሟቸዋል። አሁን መስከረም እየተገባደደ ዝናቡም እየቆመ ስለሆነ፣ አንድ ቅዳሜ በጠዋት ወጥተን ሳይመሽ የምንመለስበት፣ ዛፍና ውኃ ያለበት ቦታ ልወስዳቸው እፈልጋለሁ። ወንዱ 9፣ ሴቷ 12 ዓመታቸው ነው። እናቴም አብራን ትሄዳለች፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ሜዳ እንጂ ዳገት አይሆናትም። የራሳችን መኪና የለንም። ጎረቤቶቼ «ሐይቅ ሂዱ» ይሉኛል፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለውን ውኃ ማለታቸው ነው፤ የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ ጦሳ ተራራን ሳይወጡ ደሴን አየሁ ማለት አይቻልም ይላሉ። ሁለቱንም የምታውቁ፣ የትኛው እንደሚሻልና በስንት ሰዓት መነሣት እንዳለብን ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የሐይቅ መንገድ ተመላላሽ፦

እኅቴ፣ እንኳን ወደ ደሴ በደኅና መጡ። እናትዎ አብረው የሚሄዱ ከሆነ ያለ ጥርጥር ሐይቅን ይምረጡ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ በምዕራብ በጦሳ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል ታጥራ የተቀመጠች ስለሆነች፣ ክረምቱ ከወጣም በኋላ ጠዋት ጠዋት ጉም ሊተኛባት ይችላል፤ ብርዱም ለጉልበት ሕመምተኛ አይመችም። ሐይቁ ግን ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ 500 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ አየሩ ለዘብ ያለ ነው። ከቤት ስትወጡ የደረባችሁትን ሹራብ እዚያ ስትደርሱ ታወልቁታላችሁ፤ ማታ ስትመለሱ ደሴ መግቢያ ጢጣ ላይ መልሳችሁ ትፈልጉታላችሁና ትታችሁት እንዳትሄዱ።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ብትገኙ ወደ ሐይቅ ከተማ የሚሄድ ሚኒባስ አታጡም፤ ከከተማው እስከ ውኃው ዳር ባጃጅ ያደርሳችኋል። የባጃጁን ሹፌር ከመሸኘታችሁ በፊት ስልኩን ተቀብላችሁ የመመለሻውን ሰዓት ተስማሙ። እኔ ይህን ባለማድረጌ፣ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ እንቅልፍ የወሰደውን ልጄን አዝዬ እስከ ከተማው በእግሬ ተመልሻለሁ።

ስለ ገዳሙ አስቀድመው ማወቅ ያለብዎ ነገር አለ። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ የመሩት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ታላቅ የትምህርት ማዕከል ነው፤ የቆመበት ቦታ ቀድሞ ደሴት የነበረ ሲሆን ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። በገዳሙ ሥርዓት መሠረት ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። ይህን ለሴት ልጅዎ ከቤት ሳትወጡ ይንገሯት። እኔ የእኅቴን ልጅ ሳልነግራት ወስጃት፣ ወንድሟ ገብቶ ሲወጣ እሷ ውጭ በመቅረቷ ቀኑን ሙሉ አዝና ዋለች፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቀድማ ብታውቅ ኖሮ ከውኃው ዳር የሚታየው የገዳሙ ደን ብቻውን ደስ ባሰኛት ነበር።

ልጆቹ ውኃው ውስጥ እንዳይገቡ አደራ እላለሁ። ሐይቁ መካከሉ ላይ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ ዳር ላይ ጸጥ ብሎ ስለሚታይ ሰውን ያዘናጋል።

ጦሳ ሥር ያደግሁ፦

ከላይ የተሰጠው ምክር ለእናትዎ ትክክል ነው። ለልጆቹ ግን ጦሳ ይቀድማል ባይ ነኝ፤ ስለዚህ አንዱን ከአንዱ ከማማረጥ ይልቅ ሁለት ቅዳሜ ያድርጉት፣ የጦሳው ቀን እናትዎ ቤት ይረፉ።

ልጅ የሚኖርበትን ከተማ ከላይ ሆኖ ሲያየው አንድ ነገር ይገለጥለታል። ደሴ የተቀመጠችው መሬቱ በተሰነጠቀበትና መካከሉ ዝቅ ባለበት ረባዳ ውስጥ ነው፤ ጦሳና አዝዋ ገደል የዚያ ስንጥቅ ግራና ቀኝ ግድግዳዎች ናቸው። ይህን በቃል ቢነግሯቸው አይገባቸውም፤ ከጦሳ ጫፍ ቆመው ከታች የቆርቆሮውን ጣሪያ፣ ከፊት ለፊት አዝዋን፣ ከጀርባ ደግሞ ወደ ገራዶ የሚወርደውን ሸለቆ ሲያዩ ግን ራሳቸው ይናገሩታል። ባሕር ዛፉን አልፋችሁ ከፍ ስትሉ መሬት ለመሬት የተነጠፈ ጦስኝ ታገኛላችሁ። ቅጠሉን በጣታቸው አሽተው ያሽትቱት፤ የእኔ ልጆች ኪሳቸው ውስጥ ከተው ወደ ቤት አምጥተውት ሻዩን ለሳምንት ያህል አጣፍጦልናል።

ሰዓቱን በተመለከተ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። በጠዋት ወጥታችሁ እስከ 6 ሰዓት መውረድ መጀመር አለባችሁ። በልጅነቴ ከወንድሜ ጋር ከምሳ በኋላ ወጥተን፣ ጫፉ ላይ ሳለን ጉሙ ከገራዶ በኩል ድንገት ተነሥቶ ዋጠን፤ የያዝነውን መንገድ አጥተን ቆመን ስናለቅስ ከብቶቹን ይዞ የሚወርድ እረኛ በድምፁ እየመራ አወረደን። በተጨማሪም ዝናብ ጠግቦ የሰነበተ መሬት በደሴ ዙሪያ ይንሸራተታል፤ በየክረምቱ የሚደርሰውን የመሬት መንሸራተት ሰምተው ይሆናል። ስለዚህ ጭቃው ሳይደርቅ ተቆራጭ መንገድ አትያዙ፤ ሰውና ከብት የሚሄድበትን ሰፊውን መንገድ ብቻ ተከተሉ።

ከኮምቦልቻ፦

የእኛን በኩል ማንም ስላላነሣው ጥቂት ልጨምር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ አየሩ በየኩርባው ይቀየራል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የየጎፍ ተራራ ጥድና ወይራ ያለበት የመንግሥት ደን ነው፤ ጥበቃዎቹን ሳያስፈቅዱ መግባት አይገባም፣ እሳት ማንደድ ደግሞ ፈጽሞ አይቻልም። ወፍ ለሚወድ ልጅ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ስትሄዱ የሚገኘው የጨፋ ረግረግ አለ፤ በደሴ በኩል የሚያልፈው ቦርከና የሚተኛው እዚያ ነው፣ በበጋም የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብታቸውን ያሰማሩበታል። ማይባርም በአልብኮ በኩል ያለች ትንሽ ሐይቅ ናት፤ በአጠገቧ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የአፈር መሸርሸር ሲለካበት የቆየ የምርምር ጣቢያ አለ። ይሁንና መኪና ለሌለውና አዛውንት ይዞ ለሚሄድ ሰው ማይባርን አልመክርም። የትም ብትሄዱ በዋዜማው ወደዚያ የሚመላለስ ሹፌር ስለ መንገዱ ሁኔታ ጠይቁ።

አዲሷ የደሴ ነዋሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ሐይቅ እንሄዳለን፣ ጦሳን ለጥቅምት አቆይቼዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ በዚያው ቀን አርዲቦንም ማየት ይቻላል?

የሐይቅ መንገድ ተመላላሽ፦

አይመከርም። አርዲቦ ከሐይቅ ከፍ ብሎ ያለ ሌላ ሐይቅ ነው፤ ውኃው በአንከርካ ወንዝ ወርዶ ሐይቅ ይገባል። እኔ ከሁለቱ አርዲቦን አብልጬ እወደዋለሁ፣ ሰው ስለማይበዛበት። ነገር ግን በትራንስፖርት ሁለቱን በአንድ ቀን ለማዳረስ ከሞከራችሁ ቀኑ በመኪና ጥበቃ ያልቅና እናትዎም ይደክማሉ። አንዱን ቦታ ይዛችሁ ዋሉ።

አዲሷ የደሴ ነዋሪ፦

ትናንት ሄደን በሰላም ተመለስን። ከደሴ ስንወጣ ጉሙ ፊት ለፊት አያሳይም ነበር፤ ሐይቅ ስንደርስ ፀሐዩ ወጥቶ ውኃው ያብረቀርቅ ነበር። ልጄ ስለ ገዳሙ ቀድሜ ስለነገርኳት አልከፋትም፤ ወንድሟም «ያለ አንቺ አልገባም» ብሎ አብሯት ቀረና ከዳር ሆነው የውኃ ወፎች ሲቆጥሩ ዋሉ። እናቴ ጋቢዋን አንጥፋ ዛፍ ሥር ተቀመጠች፤ የተጠበሰ ዓሣም በላን። የበላንበትን ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ ሰብስበን ይዘን ተመልሰናል። ባጃጁም በተቀጣጠርነው በ9 ሰዓት መጣ፤ ሹራቡም እንደተባለው ጢጣ ላይ አስፈለገን። እናቴ ዛሬ ጠዋት ስለ ጉልበቷ ምንም ሳትል፣ አርዲቦ የሚሄደው መቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ።