ልጄን ሳላስፈራራ ስለ ገላዋ እንዴት ልንገራት?

ጠያቂ፦ እናት፣ ከአዲስ አበባ
ሰላም ለሁላችሁ። የ6 ዓመት ሴትና የ13 ዓመት ወንድ ልጆች አሉኝ። እኔና ባለቤቴ ከሥራ የምንገባው ማታ ነው። ትንሿ ከትምህርት ቤት በሰርቪስ ትመጣለች፤ መጨረሻ የምትወርደው እሷ ናት። አስጠኚም ቤት ይመጣል። የጠረጠርኩት ነገር የለም። ግን ማወቅ ያለባትን ቀድሜ ልነግራት እፈልጋለሁ። እኛ ስናድግ "ነውር ነው" ከመባል በቀር የነገረን የለም። ሰው ሁሉ እንድትፈራም አልፈልግም። ከየት ልጀምር? ለወንዱስ ምን ይባላል?

የሁለት ሴቶች እናት
እህቴ፣ ገላዋን ስታጥቢያት ጀምሪ። እንደ ዓይንና እንደ ጆሮ ሁሉ ብልቷንም በስሙ ጥሪላት። ከዚያ "የውስጥ ሱሪሽ የሚሸፍነውን ማንም አይነካም፣ ፎቶም አያነሳም። ሐኪም ማየት ካለበት እኔ ወይ አባትሽ አጠገብሽ እንሆናለን" በያት። ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ሌላ ቀን ትደግሚዋለሽ።
እኛ ቤት የከበደው ዘመድ ነበር። እንግዳ ሲመጣ "ሂጂ ሳሚ" እያልን እንገፋቸዋለን። አሁን ልጆቼ ካልፈለጉ እጃቸውን ዘርግተው ሰላም ይላሉ። አክስቴ ቅር ብሏታል። ይሁን። ጉንጯን መከልከል ያልቻለች ልጅ ሌላውን እንዴት ትከለክላለች?

የአንደኛ ደረጃ መምህርት
ልጅን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ሰው ነው። ስለዚህ "ከማታውቂው ሰው ጋር አትሂጂ" ብቻውን አይበቃም። በከረሜላ፣ በስልክ ጌም ያባብላል፤ ቀጥሎ "ይሄ የእኔና የአንቺ ሚስጥር ነው" ይላል። እቤታችሁ ከእናትና ከአባት የሚደበቅ ሚስጥር እንደሌለ ንገሪያት።
አስጠኚው ሳሎን ያስጠና። ክፍል ውስጥ ከሆነም በሩ አይዘጋ። መጠርጠር አይደለም፣ የቤቱ ደንብ ነው። ሰርቪሱ ላይ ረዳቷ የመጨረሻው ልጅ እስኪወርድ መቆየቷን አጣሪ። አንዳንዴ ሳትናገሪ ሄደሽ ተቀበያት።

ሁለት ወንዶች የማሳድግ አባት
ወንድ ልጅ ላይም ይደርሳል። "ወንድ አይደለህ?" ስለምንለው ግን አፉን ይዘጋል። በ13 ዓመቱ የሚያሰጋው ቴሌግራምና ቲክቶክ ነው። እኩያህ ነኝ ያለ ሰው ፎቶ ይለምነዋል፤ ከላከለት በኋላ "ብር ካልላክህ ለጓደኞችህ እበትነዋለሁ" ይለዋል። ከአሁኑ "እንዲህ ቢገጥምህ ስልክህን አልቀማህም። አትክፈል፣ አትመልስለት፣ መልእክቱን ሳታጠፋ አሳየኝ" በይው። ብዙዎቹ የሚደብቁት ስልኬን ይቀሙኛል ብለው ነው። እኔ ከትልቁ ጋር መኪና ውስጥ ነው የማወራው፤ ፊት ለፊት ካፋጠጥኩት ትንፍሽ አይልም።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ቀን የሆነ ነገር ብትነግረኝስ? እንደምደነግጥ አውቃለሁ።

ነርስ
መደንገጥ አይቀርም። ግን አትጩሂ፤ "ለምን እስካሁን ዝም አልሽ?" አትበያት። "አምንሻለሁ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ እንኳን ነገርሽኝ" በያት። ደጋግመሽ አትመርምሪያት፤ ያለችውን በራሷ ቃል ጻፊው። ጥቃቱ የቅርብ ከሆነ ገላዋንም ልብሷንም ሳታጥቢ ወዲያው ወደ ሆስፒታል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውና የሕግ ድጋፉ በአንድ ማዕከል የሚሰጥበት አገልግሎት አለ።
"በሽምግልና እንጨርሰው" የሚል ዘመድ መምጣቱ አይቀርም። እሺ እንዳትይ። ከ13 ዓመት በታች የሆነች ልጅን መድፈር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ሰውየው ዘመድ ቢሆንም ልጅቷን ዳግም ከእሱ ጋር አታገናኚያት።