ወረቀቱ ይቅር ወይስ ይቆይ?

ጠያቂው (ደብረ ብርሃን)፦ ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። ዛሬ ላጨቃጭቃችሁ ነው። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚባለው ስትራቴጂ በሰኔ 2012 ጸደቀ። (2025 በፈረንጅ ነው። ዕቅዱ ስሙን በፈረንጅ ነው ያወጣው፣ እኛ ገና 2012 ላይ ነበርን።) ከዚያ ወዲህ ቴሌብር በግንቦት 2013 ተጀመረ። ሳፋሪኮም ገባ። የፋይዳ መታወቂያ በአዋጅ 1284/2015 ሕግ ሆነ። መሶብ የሚሉት የአንድ ማዕከል አገልግሎትም ተከፈተ። አሁን ደግሞ 2030 የሚለው ተከታዩ መጥቷል። ጥያቄዬ አንድ ነው። የመንግሥት አገልግሎት ሁሉ በስልክና በኮምፒውተር ብቻ ሆኖ ወረቀቱ ይቅር? ወይስ ጎን ለጎን ይቆይ? ስድብ ክልክል ነው።

የወረዳው ሠራተኛ (መንዝ)፦ ይቅር! ነገ ሳይሆን ዛሬ። እኔ የምውልበትን ቢሮ አውቀዋለሁ። አንድ አባት ለመሬት ይዞታ ደብተራቸው ሦስት ቀን ተመላለሱ። በየቀኑ «ፋይሉ ጠፍቷል» ይባላሉ። በሦስተኛው ቀን ከሻይ በኋላ ተገኘ። ሻዩን ማን እንደከፈለ እናንተው ታውቁታላችሁ። ኮምፒውተር ላይ የገባ ፋይል ሻይ አይጠጣም።

የመንዝ ልጅ (አሁን አዲስ አበባ)፦ ወንድሜ፣ ስለ ሻዩ እውነትህን ነው። ግን የእናቴን ልንገርህ። ዕድሜዋን ሙሉ ሱፍ ስትፈትል ኖራለች። ፋይዳ ላስመዘግባት ወሰድኳት። አስሩም ጣት ይነሳል። የምትመዘግበው ልጅ ትሑት ናት፣ እጇን በሶፍት ጠረገችላት፣ አሙቂው አለቻት፣ መልሳ መስተዋቱ ላይ አስቀመጠችው። ማሽኑ እምቢ። ብዙ ከተሞከረ በኋላ ዓይኗም ተነስቶ፣ በስንት መከራ አለፈ። አሻራዋን እንዝርቱ በልቶታል።

ከዚያ ስልክ ቁጥር ተጠየቀ። እሷ ስልክ የላትም፣ የኔን ሰጠን። አንድ ቀን ባንክ ሄደች። ኮድ ተላከ፣ በኔ ስልክ። እኔ አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ስልኬ ድምፅ የለውም። ስደውል ኮዱ ጊዜው አልፏል፣ እናቴም አቀበቱን ጀምራለች። እሷ መንዝ፣ ማንነቷ በኔ ኪስ። ወረቀቱን ከነጠቅናት ምን ይዛ ትቁም?

የወረዳው ሠራተኛ፦ እሱ የአፈጻጸም ችግር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ወጥቷል፣ 1321/2016።

የመንዝ ልጅ፦ አዋጁስ ጥሩ ነው። ኮዱ ግን አሁንም የሚመጣው በኔ ስልክ ነው።

ታሪክ ወዳዱ (አንኮበር)፦ እኔ ወረቀቱ ይቅር ባይ ነኝ። አጤ ምኒልክ ስልክ ሲያስገቡ ሰይጣን ነው ያሉ ሞልተው ነበር። እሳቸው ከዚሁ ከአንኮበር ተነስተው አልፈሩም። እናንተ ምን ያስፈራችኋል?

ባለ ሽንኩርቷ (ሸዋ ሮቢት)፦ ይቺ ታሪክ በየክርክሩ ትመጣለች! እኔ ስልክ አልፈራም፣ ሒሳቤ ሁሉ በቴሌብር ነው። የምፈራው አይሱዙው ሽንኩርት ጭኖ፣ ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ፣ ኔትወርኩ ሲጠፋ ነው። ገበሬው ብሩ ካልገባለት አያስነካም። እውነቱን ነው። ያን ጊዜ የሚያስታርቀን ጥሬ ብር ነው። ለመንግሥት አገልግሎትም ጥሬ ብር የሚሆን ነገር ይቀመጥ።

ኮደሯ (ደብረ ብርሃን)፦ እኔ ትንሽ ይከፋኛል፣ ስለዚህ ብረዝም ይቅርታ። አምስት ሚሊዮን ኮደርስ የሚሉት የኮምፒውተር ሥልጠና ሐምሌ 2016 ሲጀመር ተመዝግቤ ጨርሻለሁ። ነፃ ነው፣ ጥሩም ነው፣ ሰርተፊኬቱም ግድግዳዬ ላይ አለ። ግን ከዚያ በፊት የነበረውን አስታውሱ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ዌብሳይት የምሠራላቸው ደንበኞች ነበሩኝ። ወራት አለፉ። እኔ ምን አደረግኩ? ሥራዬን ፍላሽ ላይ ገልብጬ፣ ሌሊት ተነስቼ፣ በዚያ ብርድ መናኸሪያ ተሰልፌ፣ 130 ኪሎ ሜትር ሄጄ አዲስ አበባ እልክ ነበር። ኢንተርኔቴ አውቶቡስ ነበር! ሁለቱ ደንበኞች ትተውኝ ሄዱ። አልፈርድባቸውም።

ስለዚህ ወረቀት የሚጠላ ሰው ይመልስልኝ። መስመሩ በአንድ ቀን የሚቆረጥ ከሆነ፣ የልደት ምዝገባውም የመሬቱም ጉዳይ በዚያ መስመር ላይ ብቻ ሲሆን ምን ይውጠናል? እኔ እንኳ ለሙያው የቆምኩት እፈራለሁ።

ጡረተኛው መምህር (ደብረ ሲና)፦ ልጆቼ፣ ለኔ ይሄ አዲስ አይደለም። ድሮም ወረዳዎችንና ትምህርት ቤቶችን በኔትወርክ ለማገናኘት ወረዳኔት፣ ስኩልኔት ሲባል ነበር። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት መጣ። ፕላዝማ እንለው ነበር። እኔ ጥግ ቆሜ ቴሌቪዥኑ ያስተምራል። ተማሪ እጁን ያወጣል፣ ቴሌቪዥኑ አያይም፣ ያልፋል። «ጋሼ፣ የቅድሙን» ሲሉኝ፣ አፌን ስከፍት ቀጣዩ ተጀምሯል። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ጭራሽ የለም። ያዳነን አንድ ነገር ነው፤ ጥቁር ሰሌዳውን ማንም አልነቀለውም ነበር። ጠመኔ አንስቼ የቀረውን እጨርሳለሁ።

የወረዳው ሠራተኛ፦ ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ጠመኔ ጉቦ አይበላም። ፋይል የሚያስቀምጠው ሰውዬ ይበላል።

ጡረተኛው መምህር፦ ይቺን አልመልሳትም። ልክ ብለሃል።

ጠያቂው፦ እሺ፣ የኔን ልበል። ይቆይ ባይ ነኝ፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ሰው ማመልከቻውን በወረቀት ያቅርብ። ሠራተኛው እዚያው ፊቱ ኮምፒውተር ላይ ያስገባው። ባለጉዳዩ ቁጥር የታተመበት ደረሰኝ ይዞ ይውጣ። ያኔ «ፋይሉ ጠፍቷል» የሚል ካለ ደረሰኙ አፉን ያስይዘዋል። ስልክ ያለው ከቤቱ ይጨርስ፣ ማን ከለከለው? መሶብም እኮ ሰው መስኮት ላይ ተቀምጦ የሚያስተናግድበት ነው። ማስፋት ከሆነ እሱን ወደ ወረዳ ያውርዱልን፣ ከነጄኔሬተሩ። ኮደሯን የመሰሉ ልጆችም እዚያው ይቀጠሩ።

የወረዳው ሠራተኛ፦ ማለት ወረቀቱንም ልቀበል፣ ኮምፒውተሩንም ልጻፍ? ደሞዜ ግን ያው?

ባለ ሽንኩርቷ፦ ደሞዙ 2030 ላይ ነው 😂

የወረዳው ሠራተኛ፦ ሳቂ አንቺ። የመንዙ ወንድሜ፣ በውስጥ ጻፍልኝ። ለእናትህ በራሳቸው ስም ሲም አውጣላቸው፣ ቀላል ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃል። ከዚያ ይምጡ፣ ቁጥሩን የሚያስተካክሉት ልጆች ጋ እኔ ራሴ አደርሳቸዋለሁ። ጠዋት ይምጡ ብቻ። ከሰዓት መብራቱ አይታመንም።