ዘመን ተሻጋሪ የምንላቸው የሮክ አልበሞች በእርግጥ ተሻግረዋል ወይ?

ዳጊ

ባለፈው ቅዳሜ የ17 ዓመት እህቴን ሳሎን አስቀምጬ አራት አልበም አሰማኋት። ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳንዘል። ስልኮቻችንን ሌላ ክፍል ነው የተውናቸው። የማን እንደሆኑ፣ መቼ እንደወጡ አልነገርኳትም። የቢትልስ ሳርጀንት ፔፐር (1967)፣ የሌድ ዜፔሊን አራተኛው አልበም (1971)፣ የፒንክ ፍሎይድ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን (1973) እና የፍሊትውድ ማክ ሩመርስ (1977)። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አቋሜ ጠርቷል። ዘመን ተሻጋሪ እያልን በአንድ ላይ የምንጠራቸው አልበሞች እኩል አልተሻገሩም። ሩመርስ ትናንት የተቀዳ ይመስላል። የዜፔሊን ከበሮ ዛሬም ደረት ይመታል። ዳርክ ሳይድ ሰው ቁጭ ብሎ ከሰማው አሁንም ይዞ ይሄዳል። ሳርጀንት ፔፐር ግን አርጅቷል። ቢትልስን ጠልቼ አይደለም፣ በጣም ነው የምወዳቸው። ግን ሚስተር ካይት የሚለው ዘፈን ላይ ስንደርስ እህቴ የሰርከስ ኦርጋኑን ሰምታ "የልጆች ፕሮግራም ነው እንዴ?" አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በ2003 እና በ2012 ባወጣው የ500 ምርጥ አልበሞች ዝርዝር 1ኛው ፔፐር ነበር። በ2020 ሌሎች ሰዎች ጠይቆ እንደገና ሲያወጣው ፔፐር 24ኛ ላይ ወረደ። የማርቪን ጌይ ዋትስ ጎይንግ ኦን 1ኛ ሆነ፣ ሩመርስ 7ኛ ገባ። እና እኔ ብቻዬን አይደለሁም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ጋሽ ሙሌ

ልጄ ዳጊ፣ እህትህን ቁጭ አድርገህ ማሰማትህ ደስ ብሎኛል። ፍርድህን ግን አልቀበለውም።

እኔ ፔፐርን የሰማሁት አስመራ ነው። አሜሪካኖቹ ቃኘው ጣቢያ ውስጥ ለወታደሮቻቸው የሚያሰራጩት ሬዲዮ ነበራቸው። ማታ ማታ የጎረቤት ሬዲዮ ከበን እንሰማ ነበር። ድምፁ ይሄዳል ይመጣል። ያኔ የምናውቀው አንድ ዘፈን፣ ቀጥሎ ሌላ ዘፈን ነው። አልበም ማለት ዘፈኖች የተጠራቀሙበት ሸክላ ነበር። ይኼኛው ግን አንዱ ዘፈን ወደ ሌላው እየገባ እንደ አንድ ዝግጅት ይሄዳል። ይህን ሁሉ የሠሩት ደግሞ ባለአራት ትራክ፣ ማለትም አራት ድምፅ ብቻ ለየብቻ በሚይዝ መቅጃ ላይ ነው። ዛሬ ልጆች ስልካቸው ላይ ከዚያ የበለጠ ትራክ አላቸው። የመጨረሻው ዘፈን ላይ 40 የኦርኬስትራ ተጫዋቾች ከታች ተነስተው እየጮኹ ሲወጡ ፀጉሬ ቆሞ ነበር።

አንድ ሰው ድንጋይ በጀርባው ተሸክሞ ቤት ሠራ እንበል። የልጅ ልጁ ገብታ "ጣሪያው ዝቅ አለብኝ" ብትል እውነቷን ነው። ግን እሷ የቆመችበትን ወለል ማን አነጠፈው? እሱም ይቆጠር።

ቤዛ

ጋሽ ሙሌ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ታሪክና ጆሮ ለየቅል ናቸው። ፔፐር በር ከፍቷል፣ ማንም አይክድም። ዳጊ የጠየቀው ግን በሩን ማን ከፈተ አይደለም። ዛሬ ማታ አውቀሽና ወደሽ ታደምጪዋለሽ ወይ ነው። እኔ አላደምጠውም።

ሩመርስን ተመልከቱ። በ2020 መጨረሻ አካባቢ አንድ ሰው ስኬትቦርድ ላይ ቆሞ ጭማቂ እየጠጣ ድሪምስ የሚለውን የሩመርስ ዘፈን በቲክቶክ ለቀቀው። አልበሙ ከወጣ ከ43 ዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ከምርጥ አስሩ ተመልሶ ገባ። ለነዚያ ልጆች "ይኼ ታላቅ አልበም ነው፣ አክብሩት" ያላቸው የለም። ጆሯቸው ነው የመረጠው። ከዚህ የተሻለ ፈተና ካለ ንገሩኝ።

ለረጅም ጊዜ ዝርዝሮቹን ያወጡት በ60ዎቹ ጎረምሳ የነበሩ ወንዶች ናቸው። የልጅነታቸውን አልበም ከላይ አስቀመጡት። ስቲቪ ኒክስና ክሪስቲን ማክቪ ከሚወዱት ሰው ጋር እየተለያዩ፣ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ከነዚያው ሰዎች ጋር በየቀኑ እየተያዩ የጻፉት ዘፈን ግን "ቀለል ያለ ፖፕ" ይባል ነበር።

ግጥምም ያረጃል። ሮሊንግ ስቶንስ በ1971 ያወጡት ብራውን ሹገር የባርነት ዘመንን እንደ ጨዋታ ያነሳል። እነሱ ራሳቸው በ2021 ጉዟቸው ከመድረክ አውጥተውታል። ጊታሩ አሁንም ያስጨፍራል። እኔ ግን ቃሉን ስሰማ እግሬ ይቆማል።

አቤል

ድራመር ስለሆንኩ ስለ ዜፔሊን ልናገር። በአራተኛው አልበም መጨረሻ ላይ ያለው ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ የተቀዳው ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል የእንግሊዝ ገጠር ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ድሮ የድሆች መጠለያ ነበር። የጆን ቦናምን ድራም መግቢያው አዳራሽ ላይ፣ ከደረጃው ስር አስቀመጡት። ሁለት ማይክ ከላይ ደረጃው ላይ አደረጉ። ሌላው ሁሉ ያ ሕንፃ ነው። ያ ሰፊ ድምፅ ድንጋዩና እንጨቱ የመለሰው ነው።

ስለዚህ አያረጅም። በማሽን የተሠራ ድምፅ ማሽኑ ሲያረጅ አብሮ ያረጃል። ይኼ ግን አየር ነው። ቢስቲ ቦይስ በ1986 የመጀመሪያ አልበማቸውን የከፈቱት ያንን ከበሮ ቆርጠው ነው፣ ከዚያ በኋላም ስንቱ ራፐር ወሰደው። እኔ አሁን የምኖረው ሽቱትጋርት ነው። አንድ እሁድ ከሰዓት ስኔር ከበሮዬን ይዤ የሕንፃችን ደረጃ ታች ወረድኩ። ስልኬን ቀረጻ ላይ አድርጌ ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተውኩት። አስር ጊዜ ብቻ መታሁ። ወጥቼ ስሰማው እጄ ተንቀጠቀጠ። የኔ ምት አይመስልም ነበር። ግዙፍ ነው። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ።

ቤዛ

አቤል፣ ከበሮው የነሱ ነው። ዘፈኑስ? ያንን ዘፈን ካንሳስ ጆ ማኮይና ሜምፊስ ሚኒ በ1929 ነው የቀዱት። ከሁለት ዓመት በፊት የደረሰውን የሚሲሲፒ ጎርፍ ነው የሚያነሳው። የጥቁሮች መከራ ነው። ሆል ሎታ ላቭ በሚለው ሌላ የዜፔሊን ዘፈን ላይ ደግሞ የብሉዝ ደራሲው ዊሊ ዲክሰን በ1985 ከሷቸው በ1987 በስምምነት ነው ያለቀው። አልበም በጊዜ ሲፈተሽ ይኼም አብሮ ይፈተሽ።

አቤል

ሌቪው ላይ የሜምፊስ ሚኒ ስም ሸክላው ላይ ተጽፏል። ብሉዝ ደግሞ እንደ ትዝታ ነው። ስንት ሰው ትዝታን ዘፈነ? ማን ሰረቀ እንላለን?

ሰናይት

አቤል፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ትዝታ ቅኝት ነው፣ ቅኝት የሁሉም ነው። ብሉዝም እንደ መልክ የሁሉም ነው። ግን አንድ ሰው የገጠመው ስንኝ ባለቤት አለው። የዲክሰን ጉዳይ ስንኝ ነበር። ዘፈኑን መውደድ ትችላለህ፣ የባለቤቱን ስም መጥራት አይቀንስብህም።

ወደ ዳጊ ልመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ ስቱዲዮ ነው የምሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ሚክስ ላይ፣ የተቀዱ ድምፆችን በማዋሃድ ላይ ነኝ። እና አንድ ጥያቄ አለኝ። ለእህትህ ያሰማሃት ፔፐር የትኛው ነው? ድምፁ ለግራና ለቀኝ ተከፍሎ የሚወጣው ስቴሪዮው ከሆነ ፍርዱ ይግባኝ አለው።

ቢትልሶቹ ራሳቸው ቁጭ ብለው የደከሙበት ሞኖው ላይ፣ ድምፁ ሁሉ አንድ ላይ በሚወጣው ላይ ነው። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ አብዛኛው ሰው ቤቱ ያለው ሞኖ ማጫወቻ ነበር። ለሞኖው ሳምንታት ሰጡት። ስቴሪዮው እነሱ በሌሉበት በጥቂት ቀን ተሠራ። ለዚህ ነው በኢርፎን ስትሰማው ዘፋኙ አንድ ጆሮህ ውስጥ፣ ከበሮው ሌላኛው ውስጥ ተበታትኖ የምታገኘው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ሺዝ ሊቪንግ ሆም በሞኖው ፈጠን ያለና ቃናው ከፍ ያለ ነው፣ በስቴሪዮው ይጎተታል። በ2017 የቢትልስ ፕሮዲዩሰር የነበረው የጆርጅ ማርቲን ልጅ ጃይልስ ማርቲን ከመጀመሪያዎቹ ቴፖች እንደ አዲስ ሚክስ አድርጎታል። ለዛሬ ጆሮ እሱም ይሻላል።

ሩመርስ ለምን አዲስ ይመስላል ላልከውም ምክንያት አለው። ድራሙ ቅርብና ደረቅ ነው፣ ማሚቶ የለውም ማለት ይቻላል። ድሪምስ ከሞላ ጎደል ሁለት ኮርድ ነው። ቤዝና ከበሮ ይይዙታል፣ መሃሉ ባዶ ነው፣ ድምጿ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ዛሬ ስቱዲዮ የሚመጡ ልጆች የሚጠይቁኝ ድምፅ እሱ ነው። ስለዚህ ዳጊ፣ ግማሹን የፈረድከው በዘፈኖቹ ላይ ሳይሆን በቀረጻው ላይ ነው። ለይተህ ፍረድ።

ጋሽ ሙሌ

ሰናይት፣ እግዜር ይስጥሽ። እኔ የሰማሁት ሬዲዮ ሞኖ ነበር። ለካ ለዚህ ነው የዳጊ እህት የሰማችው ፔፐርና የኔ ፔፐር የማይገናኙት።

ስለ ዳርክ ሳይድ ማንም ብዙ ስላላለ አንድ ነገር ልጨምር። ኋላ ካሴት ሲመጣ የ90 ደቂቃ ካሴት ነበረኝ። አንዱ ፊት 45 ደቂቃ ነው። ዳርክ ሳይድ 43 ደቂቃ አካባቢ ስለሆነ አንድ ፊት ላይ ሙሉ ገባልኝ። ከልብ ምት ተነስቶ በልብ ምት ያልቃል። ቴፑ ሲላላ በእስክሪብቶ እየጠመዘዝኩ ስንት ዓመት ሰማሁት። መሃሉ ላይ ምንም ቃል ሳትጠቀም የምታንጎራጉረው ሴት ክሌር ቶሪ ናት። ያኔ 30 ፓውንድ ከፈሏት። በ2004 ከሳ በ2005 ከደራሲዎቹ አንዷ ተብላ ስሟ ገባ። ቤዛ ልጄ፣ አንቺ ያልሽው እዚህም አለ። እሷ ባትኖር ያ አልበም መሃሉ ጎድሎ ይቀር ነበር።

ዳጊ

ጋሽ ሙሌ፣ የቤቱን ምሳሌ ሳስብበት ሰነበትኩ። ግን በር የከፈተ ሁሉ ይደመጣል ካልን የስ የተባለው ባንድ በ1973 ያወጣው ቴልስ ፍሮም ቶፖግራፊክ ኦሽንስም መደመጥ ነበረበት። ሁለት ሸክላ ሙሉ፣ አራት ዘፈን ብቻ፣ ለእያንዳንዱ ፊት አንድ። እንግሊዝ ውስጥ 1ኛ ወጥቶ ነበር። የሠሩት ሰዎች ከማንም በላይ ይችላሉ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩት፣ ሁለቱንም ጊዜ ሁለተኛው ፊት ላይ አቆምኩ። ድካምና ድፍረት ብቻውን አያሻግርም የምለው ለዚህ ነው።

ሰናይት፣ ያልሽውን አደረግኩ። ያሰማኋት ስቴሪዮው ነበር። ትናንት ማታ ሞኖውን አውጥቼ ከእህቴ ጋር እንደገና ሰማነው። በቀረጻው ተሸንፌያለሁ። ከበሮውና ቤዙ አንድ ላይ ሲመጡ ሌላ ባንድ ነው። ሺዝ ሊቪንግ ሆምን እህቴ "ቆንጆ ነው" አለች። ዌን አይም ሲክስቲ ፎር ላይ ግን አልተሸነፍኩም። ያ ዘፈን በየትኛውም ሚክስ ያው ነው፣ እኔ ከአልበሙ አወጣው ነበር። ስትሮቤሪ ፊልድስና ፔኒ ሌን በዚያው የሥራ ወቅት ተቀድተው ለብቻቸው ሲንግል ሆነው ባይወጡ ኖሮ፣ እነሱ ቢገቡበት ኖሮ፣ ዛሬ ይህን ክርክር አንከራከርም ነበር።

የመጨረሻውን ዘፈን እህቴ ራሷ "ድገመው" አለች። ፒያኖው ተመትቶ እየከሰመ ሲሄድ ተነስታ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጠፈች። ከ40 ሰከንድ በላይ ይቆያል። እኔ አልቋል ብዬ ላጠፋ ስል እጄን ያዘችኝ። "ቆይ፣ ወንበር ተንቋቋ!" አለች። እውነቷን ነው። ድምፁ ሊጠፋ ሲል ስቱዲዮው ውስጥ አንድ ሰው ተንቀሳቅሷል።

ጋሽ ሙሌ

ወንበር? እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት ሰምቼው አላውቅም። ሬዲዮው እዚያ ሳይደርስ ነበር የሚቆርጠው። ሰናይት፣ ሞኖውን የት እንደማገኘው ጻፊልኝ፣ ዛሬ ማታ ጆሮዬን እለጥፋለሁ።