በትንሽ ደሴት የካንሰርን መጠን እንዴት መለካት ይቻላል?

ጠያቂ (ሐዋሳ)
የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ነኝ። ለሴሚናር የመረጥኩት አገር በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው የደሴቶች አገር ቱቫሉ ስትሆን የሕዝቧ ቁጥር ወደ 11 ሺህ ገደማ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ዘንድሮ አንዲት ሴት፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሦስት ሴቶች በማኅፀን በር ካንሰር ቢያዙ፣ ስሌቱ በሽታው ሦስት እጥፍ ጨመረ ይለኛል። ይህን ለመጻፍ ግን ሕሊናዬ እሺ አላለኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ምላሽ 1
አለመቀበልዎ ተገቢ ነው። በ10 ሺህ ሕዝብ ውስጥ 4 አዲስ ታማሚዎች ቢገኙ መጠኑ ከ100 ሺህ ሰው 40 ይሆናል፤ በፑዋሶን ስሌት (አልፎ አልፎ ለሚከሰቱ ነገሮች ቁጥር በሚያገለግለው የስታቲስቲክስ ስሌት) የ95 በመቶ መተማመኛ ወሰኑ፣ ማለትም እውነተኛው መጠን ሊገኝበት የሚችለው ክልል፣ ግን ከ11 እስከ 102 ይዘረጋል። ስለዚህ የ5 ወይም የ10 ዓመት ታማሚዎችን በአንድነት ደምረው፣ የየዓመቱን ሕዝብ ድምርም አካፋይ ያድርጉት፤ ወሰኑንም ሳይጽፉ አይለፉ። ከሌላ አገር ጋር ሲያወዳድሩ ደግሞ ወጣቶቹ ለሥራ ወጥተው አዛውንት የበዙበት ደሴት ያለ ዕድሜ ማስተካከያ (በሕዝቦቹ መካከል ያለውን የዕድሜ ልዩነት ከሚያስወግድ ስሌት ውጭ) ካንሰር የበዛበት መስሎ ይታያል። ታማሚዎቹ ጥቂት ሲሆኑ እኔ የምመርጠው የትልቁን አገር የየዕድሜ መጠን በደሴቲቱ ሕዝብ ላይ አውሎ የሚጠበቀውን ቁጥር ማግኘት፣ ከዚያም በእውን ከተገኘው ጋር ማነጻጸር ነው።

ምላሽ 2
ከስሌቱ በፊት ቆጠራው ይታይ። ከቱቫሉ ከባድ ሕሙማን ወደ ፊጂ ይላካሉ፤ ካንሰሩ እዚያ ተረጋግጦ ወሬው ካልተመለሰ ታማሚው ከአገሩ መዝገብ ይቀራል። አይስላንድ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላ ሕዝቧ ውስጥ ያሉ የካንሰር ታማሚዎችን መመዝገብ የቻለችው እያንዳንዱ ነዋሪ የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው ጭምር ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይቆጠርም። በእኛ በሐዋሳ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከወላይታና ከአጎራባች የኦሮሚያ ዞኖች የሚመጡ ሕሙማን በከተማው ሆስፒታሎች ይታከማሉ። የእነዚህን ሁሉ ቁጥር ለከተማው ነዋሪ ማካፈል ትልቅ ስሕተት ነው፤ መመዝገብ ያለበት ሕክምናው የተሰጠበት ቦታ ብቻ ሳይሆን የታማሚው ቋሚ መኖሪያ ነው።

ጠያቂ
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የ10 ዓመቱን ደምሬ በዕድሜና በካንሰር ዓይነት ከፋፍዬ በሠንጠረዥ ላቀርበው አስቤአለሁ።

ምላሽ 3
የዕድሜ ክፍሎቹን ሰፋ አድርገው ያዋህዷቸው። ሁሉም በሚተዋወቅበት ደሴት «ከ30 እስከ 34 ዓመት፣ የጡት ካንሰር፣ 1» ተብሎ ከተጻፈ፣ ስም ባይጠቀስም ጎረቤት ሁሉ ማን እንደሆነች ያውቃል።