አሮጌው የፖቴዝ 25 ኪት፦ ክንፉን ልቁረጥ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ (ባለ ድርብ ክንፍ)

በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አብራሪ አንድሬ ማዬ አዲስ አበባ ላይ ያሳረፈውን የፖቴዝ 25 ዓይነት አውሮፕላን በሞዴል መሥራት የቆየ ምኞቴ ነው። ያገኘሁት ግን መመረት ካቆመ ብዙ ዘመን ያስቆጠረ የፕላስቲክ ኪት (ተገጣጥሞ ሞዴል የሚሆን የቁርጥራጮች ስብስብ) ሲሆን፣ ሣጥኑ ላይ 1/72፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ፣ ተብሎ ቢጻፍም ልኬቱ አልገጥም ብሎኛል። የእውነተኛው አውሮፕላን የላይኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 14.14 ሜትር፣ ጠቅላላ ርዝመቱም 9.10 ሜትር በመሆኑ፣ በ1/72 ክንፉ 196 ሚሊሜትር ሊሆን ሲገባው በካሊፐር ስለካው 188 ብቻ ሆነ፤ ርዝመቱም 126 መሆን ሲገባው 121 ነው። ከዚህም ሌላ የታችኛው ክንፍ ከላይኛው ጋር እኩል ስፋት ተሰጥቶታል፤ አፍንጫው ላይ የሚታዩት የሲሊንደር ረድፎችም ሁለት ብቻ ናቸው። ያሰብኩት ክንፉን መሃሉ ላይ ቆርጬ የጎደለውን 8 ሚሊሜትር ለመቀጠል ነው። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ (ሚሊሜትር)

ወንድሜ፣ መጋዙን ለጊዜው ያስቀምጡት። 14,140ን ለ188 ሲያካፍሉ 75.2 ያገኛሉ፤ 9,100ን ለ121 ቢያካፍሉም ውጤቱ ያው 75.2 ነው። ሁለቱም በእኩል መጠን ካነሱ፣ የክንፉና የአካሉ ምጣኔ አልተዛባም ማለት ነው፤ የተሳሳተው ሣጥኑ ላይ የታተመው ቁጥር ነው። በቀደመው ዘመን ሞዴሉን ለሣጥኑ በሚመች መጠን መሥራት የተለመደ ስለነበር፣ እንዲህ ያለው ነገር በአሮጌ ኪቶች ላይ ያጋጥማል። ክንፉን ብቻ ቢያስረዝሙት ግን እስካሁን ያልነበረ ጉድለት ይፈጥራሉ። ከእንግዲህ ማንኛውንም የእውነተኛውን አውሮፕላን ልኬት ለ75 እያካፈሉ ይሥሩ።

በእርግጥ መታረም ያለበት የታችኛው ክንፍ ነው፤ ምክንያቱም የፖቴዝ 25 የታችኛው ክንፍ ከላይኛው ይልቅ አጭርም ጠባብም ነው። ከፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ይፈልጉና የታችኛውን ርዝመት ለላይኛው ያካፍሉ፤ የሚያገኙትን ምጣኔ በ188 ሲያባዙ የሚፈልጉት ልክ ይወጣል። ሲያሳጥሩት ከጫፉ ሳይሆን ከአካሉ ጋር ከሚገናኝበት በኩል ቢቆርጡ የጫፉ ክብነት ይተርፍልዎታል። ሲያጠቡት ደግሞ ከኋላው ጠርዝ ይቀንሱ፤ የፊቱ ጠርዝ የክንፉን ትክክለኛ ጉብታ የያዘ ስለሆነ መነካት የለበትም። የኋላው ጠርዝ ከተቆረጠ በኋላ ስለሚወፍር፣ ከሥሩ በኩል በብርጭቆ ወረቀት ያሳሱት። ክንፉ ሲያጥር የደጋፊ ዘንጎቹ ቀዳዳዎችም አብረው ወደ ውስጥ ይሳባሉና፣ አሮጌዎቹን በስቱኮ ደፍነው እንደ ፎቶው እንደገና መብሳት አይቀርም።

ስለ አፍንጫው ትክክል ብለዋል። ሎሬን 12ኢቢ የተባለው ባለ 450 የፈረስ ጉልበት ሞተር አሥራ ሁለት ሲሊንደሮቹን በሦስት ረድፍ የደረደረ ነው፤ መካከለኛው ረድፍ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሁለቱ በግራና በቀኝ በ60 ዲግሪ ያዘነብላሉ። ሁለት ረድፍ ብቻ ያለው አፍንጫ የሌላ አውሮፕላን ፊት ነው። እኔ ብሆን ከሁሉም አስቀድሜ ይህን አስተካክል ነበር።

መልስ (ሸራና ሽቦ)

በስኬሉ (ሞዴሉ ከእውነተኛው ባነሰበት ምጣኔ) ስሌት እስማማለሁ፤ ሆኖም ለ1/72 የተሠሩ አብራሪና ተመልካች ለብቻቸው ገዝተው ሊያስቀምጡ ካሰቡ፣ በዚህ አካል ውስጥ ትከሻቸው ከፍ ብሎ እንደሚታይ ይወቁ። መቀመጫውን ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ከልኬቱ ይልቅ ዓይን የሚወጋው የክንፉ ገጽ ይመስለኛል። የዚያን ዘመን ኪት ሠሪዎች ሸራውን ለማሳየት ሲሉ ክንፉን በድርቅ እንደተጎዳ ከብት ጎድን ያወጡበታል። እውነተኛው ሸራ ግን በቫርኒሽ ተወጥሮ የሚደርቅ በመሆኑ፣ በአጥንቶቹ (ሸራውን ከውስጥ በሚደግፉት የክንፉ ርብራቦች) መካከል ያለው ስርጉደት ለ75 ሲካፈል ከነጭራሹ አይታይም ማለት ይቻላል። ጎድጓዳውን በስስ ስቱኮ ሞልተው በ600፣ ቀጥሎም በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ይሹት።

የመወጠሪያ ሽቦዎቹን በተመለከተ፣ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ በዚህ ስኬል 0.08 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚሆን የልብስ ስፌት ክር አይሆንም። የኪቱን ትርፍ ፕላስቲክ በሻማ አሙቀው ቢስቡት የሚፈልጉትን ቅጥነት ያገኛሉ። ቀዳዳዎቹን ግን ከቀለምም በፊት፣ የላይኛውን ክንፍ ከማጣበቅዎም በፊት ይብሱ።

ጠያቂው (ባለ ድርብ ክንፍ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ክንፉን አላስረዝምም። አውሮፕላኑን መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት፣ በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ ከተሰማሩት አውሮፕላኖች እንደ አንዱ አድርጌ ልቀባው እፈልጋለሁ። ከጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀለሙን እንዴት ልለይ?

መልስ (ሚሊሜትር)

አስቀድመው የፊልሙን ዓይነት ለማወቅ ይሞክሩ። በዚያን ጊዜ በብዛት ይሠራበት የነበረው ኦርቶክሮማቲክ ፊልም ቀይ ብርሃን አይቀበልም፤ ስለዚህ ቀይ ቀለም ጥቁር መስሎ ይወጣል፣ ቢጫም ዓይን ከሚያየው በላይ ይጠቁራል፣ ሰማያዊ ግን ነጭ እስኪመስል ይፈዛል። በዚህ ምክንያት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጎን ለጎን ሲሆኑ የድምቀት ቅደም ተከተላቸው ዓይን ከለመደው ይለያል። በዚያው ፎቶ ውስጥ የተሰቀለ ሰንደቅ ዓላማ ካለ ዕድለኛ ነዎት፤ የሦስቱን ቀለማት ድምቀት ከእርሱ ላይ ወስደው በአውሮፕላኑ ላይ ካለው ጋር ማነጻጸር ይችላሉ።