የጋራ ዕቅድ ረቂቅ 3፦ አስተያየት እስከ ዓርብ ብቻ

ጸሐፊ፦ ዓላማው ያው ነው። ቤንዚንዳይታዮል የሚባለው ሞለኪዩል በሁለት የወርቅ ጫፎች መካከል ሲገባ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያሳልፍ ማስላት። በጀቱን የባሕር ዳሩ አባል እሠራለሁ ብሏል።

ከጅማ፦ ርዕሱ አሁንም «የኤሌክትሮን ትራንስፖርት በቤንዚንዳይታዮል» ይላል። ትራንስፖርትና ቤንዚን በአንድ መስመር! አምና ገምጋሚው ከተሽከርካሪ ጋር ያለው ግንኙነት አልተብራራም ብሎ የመለሰብንን ረሳችሁት? «ፍሰት» ይባል።

ከስቶክሆልም፦ ፍሰት ከረንት ነው። የፊዚክስ ሊቁ ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1957 ያሳየን ኮንዳክታንስ (ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅም) ማለት ኤሌክትሮኑ የማለፍ ዕድሉ መሆኑን ነው። ዕድሉ ሙሉ ቢሆን እንኳ ኤሌክትሮን የሚያልፍበት አንድ መስመር ኮንዳክታንሱ ከ77.5 ማይክሮሲመንስ አይበልጥም፤ ይህ የኮንዳክታንስ ኳንተም ይባላል። ፍሰት ካልን ይህ ሁሉ ይቀራል።

ከጅማ፦ ገንዘቡን የሚለቀው ላንዳወር አይደለም።

ከአዲስ አበባ፦ «ሽግግር»ስ?

ከጅማ፦ ሽግግር ኤሌክትሮን ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲዘል ነው። ተማሪ ይደናገራል።

ከሐዋሳ፦ ሦስት ሳምንት በአንድ ቃል! ገጽ 4 ባዶ ነው። የተለመደው የዴንሲቲ ፈንክሽናል ስሌት (ሞለኪዩልን በኤሌክትሮኖቹ ጥግግት የምናሰላበት ዘዴ) በተያዙትና ባዶ በሆኑት የኤሌክትሮን ደረጃዎች መካከል ያለውን የኃይል ክፍተት ስለሚያሳንስ ኮንዳክታንሱን ያጋንነዋል፤ ሪድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 በዚሁ ሞለኪዩል ላይ ከለኩት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እርማታችን ምንድን ነው? የዕቅዱ ነፍስ እሱ ነው፣ አንድም ሰው አልነካውም።

ከስቶክሆልም፦ ስለማታነቡት ነዋ። ቃል ላይ መጨቃጨቅ ይቀላል።

ከጅማ፦ መብራት በማይጠፋበት አገር ተቀምጠህ አትናገረኝ። ሁለት ሌሊት የሮጠ ስሌት፣ ስህተቱ ወርዶ ወርዶ ሊረጋ ሲል መብራት ሄደ። ፋይሉ አልተቀመጠም፣ ከዜሮ ጀመርኩ። ይህ ገንዘብ ለእኔ ባትሪ ነው። በርዕስ ምክንያት ዳግም እንዲመለስ አልፈልግም።

ከስቶክሆልም፦ ይቅርታ ወንድሜ። ይህን አላሰብኩም ነበር።

ጸሐፊ፦ የባሕር ዳሩ፣ በጀቱ የት ደረሰ?

ከአዲስ አበባ፦ ሞለኪዩሉን ብንቀይረውስ? ባይፒሪዲን ይሁን። ሹ እና ታኦ እ.ኤ.አ. በ2003 ለክተውታል፣ የኮንዳክታንስ ኳንተሙ አንድ መቶኛ ገደማ ነው። ቤንዚን ከርዕሱ ይወጣል።

ከሐዋሳ፦ ሞለኪዩል በስሙ ይመረጣል እንዴ? የቤንዚንዳይታዮሉን ጂኦሜትሪ እኮ ጨርሻለሁ፣ የአንድ ወር ሥራ ነው!

ጋሼ (ጡረተኛ መምህር)፦ ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት በተውሶ ቃል ነው። ተማሪው ፎርሙላውን ይሸመድዳል፣ ምን እንደሚያልፍ ግን አይገባውም። የቃላት መፍቻ አብሮ ይገባ። እኔ እያለሁ ይሠራ።

ከጅማ፦ ጋሼ ካሉ አለቀ።

ከአዲስ አበባ፦ እደግፋለሁ። አውደ ጥናትም ይጨመርበት፣ ለአውደ ጥናት ገንዘብ ቶሎ ይለቀቃል።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ረቂቅ 4፦ ባይፒሪዲን፣ የቃላት መፍቻ፣ አውደ ጥናት። የባሕር ዳሩ ስልክም አያነሳም፣ በጀቱን እኔው እይዘዋለሁ። ገጽ 4ን ማን ይወስዳል?

ከጅማ፦ እኔ መፍቻውን።

ከአዲስ አበባ፦ እኔም መፍቻውን።

ከሐዋሳ፦ ገጽ 4?